ራሲ ኢራስመስ፦ ከፍላንከርነት እስከ ሁለት የዓለም ዋንጫ

የሄርማታ_ልጅ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አሰልጣኝ ስናወራ ሁልጊዜ ጋርዲዮላና ሞሪንሆ ላይ ደርሰን እንቆማለን። ዛሬ ከእግር ኳስ ወጣ ብዬ አንድ የራግቢ ሰው ይዤ መጥቻለሁ። ተጫዋች የነበረ ሰው እንዴት አሰልጣኝ እንደሚሆን ከዚህ ሰው በላይ ያስተማረኝ የለም። ደቡብ አፍሪካዊው ራሲ ኢራስመስ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ1972 ተወለደ፤ የምሥራቃዊ ኬፕ ልጅ ነው፣ ዴስፓች ከምትባል ትንሽ ከተማ። ይጫወት የነበረው ፍላንከር ሆኖ ነው። ፍላንከር ማለት ኳስ የያዘ ሰው በወደቀበት ሁሉ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሲጥልና ሲነሳ የሚውል፣ ትንፋሹ የማያልቅ ተጫዋች ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ ለስፕሪንግቦክስ ከ1997 ጀምሮ 36 ጊዜ ተሰልፏል፤ በ1999 በዓለም ዋንጫ ሦስተኛ የወጣው ቡድን ውስጥም ነበር። ጎበዝ ነበር። በተጫዋችነቱ ብቻ ቢቀር ግን እኔ ጅማ ተቀምጬ ስሙን ባላወቅኩት ነበር።

ገና ማሊያ ለብሶ ሳለ ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮ እየከፈተ ተጋጣሚን ያጠና ነበር። ሌላው ተጫዋች ስለ ራሱ ቦታ ሲያስብ እሱ የአስራ አምስቱን እንቅስቃሴ ያያል። ጉዳት በዝቶበት ጫማውን ሲሰቅል ብሉምፎንቴን ላይ የገዛ ክለቡን፣ ፍሪ ስቴት ቺታስን፣ ያዘና በ2005 የደቡብ አፍሪካን የአገር ውስጥ ውድድር፣ የኩሪ ካፕን፣ ዋንጫ አነሳ። ቺታስ ያንን ዋንጫ ካነሳ 29 ዓመት አልፎት ነበር! ደግሞ እዚያ የሠራውን ስሙ፦ ስታዲየሙ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ባለ ቀለም መብራት እያበራ ለተጫዋቾቹ ምልክት ይሰጥ ነበር። ይህ ቀለም ሲበራ ይህን አድርጉ፣ ያኛው ሲበራ ያንን። ሰው ብዙ አወራበት። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ከላይ ሆኖ ያየውን ሜዳ ውስጥ ላለው ልጅ በምን ላድርስለት ብሎ የተጨነቀ ሰው ነው የማየው።

ከዚያ ኬፕ ታውን ስቶርመርስን ያዘ፣ ፌዴሬሽኑ ውስጥ ሠራ፣ በ2016 አየርላንድ ሄዶ የመንስተር ዳይሬክተር ሆነ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የክለቡ ዋና አሰልጣኝ አንቶኒ ፎሊ ፓሪስ ላይ ጨዋታ ሊያደርጉ በሄዱበት በድንገት አረፈ። ፎሊ ራሱ ለመንስተር ዘመኑን ሁሉ የተጫወተ፣ ዋንጫ ያነሳ አምበል ነበር። ኢራስመስ ያንን የሐዘን ቡድን ይዞ በዚያው የውድድር ዘመን የሊጉ ፍጻሜና የአውሮፓ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በ2018 አገሩ ተመልሶ ስፕሪንግቦክስን ያዘ። የ2019 የዓለም ዋንጫ፣ የ2023 የዓለም ዋንጫ... የቀረውን ታውቁታላችሁ።

እኔ የምለው ይህ ሰው አሰልጣኝ የሆነው ጫማ ከሰቀለ በኋላ አይደለም፤ እየተጫወተ ነው የሆነው። የኛ ልጆች ግን አሰልጣኝነትን የሚያስቡት ጉልበታቸው ሲያበቃ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

---

ጅሬን_ከላይ

ወንድሜ አክብሬህ ልቃወምህ። ደቡብ አፍሪካ እሱ ከመምጣቱ በፊትም በ1995 እና በ2007 የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። እነዚያን የመሰሉ ግዙፎች ይዞ ማን ያቅተዋል? አሰልጣኝን ከሚገባው በላይ እናገንናለን። ኳሱን የሚጫወተው ተጫዋቹ ነው።

---

የሄርማታ_ልጅ

ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ግን እሱ ከመምጣቱ በፊት የነበሩትን ሁለት ዓመታት እይ። በ2016 ስፕሪንግቦክስ በጣሊያን ተሸነፈ፣ ፍሎረንስ ላይ 20 ለ 18። በ2017 መስከረም ኒው ዚላንድ 57 ለ 0 አሸነፈቻቸው። ሃምሳ ሰባት ለዜሮ! በዚያው ዓመት ኅዳር ደብሊን ላይ አየርላንድ 38 ለ 3። ግዙፎቹ ያኔም ነበሩ፤ ኮሊሲ ነበር፣ ኤትዘቤት ነበር።

በ2018 ኢራስመስ መጣ፤ መስከረም ላይ እዚያው ኒው ዚላንድ፣ ዌሊንግተን ከተማ ላይ ሄደው 36 ለ 34 አሸነፉ። ከ57 ለ 0 በኋላ አንድ ዓመት ብቻ ነው ያለፈው። በ2019 የዓለም ዋንጫውን በሽንፈት ጀመሩት፤ የምድባቸውን የመጀመሪያ ጨዋታ በኒው ዚላንድ 23 ለ 13 ተሸነፉ። ከዚያ በፊት በምድብ ጨዋታ ተሸንፎ ዋንጫውን የወሰደ ቡድን ታይቶ አይታወቅም ነበር። እነሱ ዮኮሃማ ላይ እንግሊዝን 32 ለ 12 አሸንፈው ወሰዱት። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የሚነገራቸው ነገር ነው።

ሌላም አለ። ሲያ ኮሊሲን አምበል ያደረገው እሱ ነው። ኮሊሲ ዝዊዴ ከሚባል የጥቁሮች ሰፈር የወጣ፣ በስፕሪንግቦክስ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር የቴስት (በአገሮች መካከል የሚደረግ ይፋዊ ጨዋታ) ቡድን አምበል ነው። በዚያች አገር ታሪክ ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

---

መምህር_ስፖርት (ጅማ)

ርዕሱን ስላነሳኸው አመሰግናለሁ። እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ ይህ ጥያቄ የዕለት ሥራዬ ነው።

በራግቢ ዓለም አንድ ነገር ትኩረት ይስባል። ከትልልቆቹ አሰልጣኞች ብዙዎቹ በተጫዋችነታቸው ጫፍ ሳይደርሱ የቀሩ ናቸው። ዋረን ጋትላንድን እዩት። ከኒው ዚላንድ ብሔራዊ ቡድን ከኦል ብላክስ ጋር ብዙ ተጉዟል፣ 17 ጊዜም ማሊያውን ለብሷል፣ ግን አንድም ይፋዊ የቴስት ጨዋታ አልተሰለፈም። በቦታው ሾን ፊትዝፓትሪክ ነበረና። ይህ ሰው ነው ኋላ ዌልስን ይዞ ሦስት ጊዜ፣ በ2008፣ በ2012 እና በ2019፣ የስድስቱ አገሮች ውድድር ላይ ሁሉንም አሸንፎ የጨረሰው። ኤዲ ጆንስ ደግሞ ለአውስትራሊያ አንድም ጊዜ ሳይጫወት መምህርነትና ርዕሰ መምህርነት ላይ ቆየ። በ2015 ጃፓንን ይዞ ደቡብ አፍሪካን 34 ለ 32 ሲያሸንፍ ዓለም ጉድ አለ።

በሌላ በኩል ማርቲን ጆንሰን አለ። በ2003 እንግሊዝን በአምበልነት መርቶ የዓለም ዋንጫ ያነሳ፣ ተቃራኒ ቡድን ሲያየው የሚፈራው ሰው። በ2008 አንድም ቡድን አሰልጥኖ ሳያውቅ ብሔራዊ ቡድኑን ሰጡት። በ2011 ስድስቱን አገሮች አሸንፏል፣ መጥፎ ነበር አልልም። በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ላይ ግን በፈረንሳይ ተሸንፎ ሥራውን ለቀቀ።

ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ተጫዋች ጨዋታውን ከአሰልጣኙ አጠገብ ሆኖ ያያል። ለምን እኔ አልገባሁም ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ይፈልጋል፣ ሲፈልግ ይማራል። ተፈጥሮ የሰጠችው ኮከብ ግን «እንዴት ነው ያደረግኸው?» ሲባል ብዙ ጊዜ ማስረዳት ያቅተዋል። ክፍል ውስጥም እንደዚሁ ነው፤ ሒሳብ ያለ ድካም የሚገባው ልጅ ለጓደኛው ማስረዳት ይከብደዋል።

---

አጂፕ_ማዕዘን

የ2023ቱን ግማሽ ፍጻሜ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ለእኔ የዚህ ሰው አሰልጣኝነት ያለው እዚያ ነው።

እንግሊዝ ትመራለች፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ኳሱ ከእጅ ይሾልካል። መርካቶ ያለው ዲኤስቲቪ ቤት የቀረነው ጥቂት ሰዎች ነን፤ ሌላው የእግር ኳሱ ጨዋታ ሲያልቅ ወጥቷል። በ31ኛው ደቂቃ፣ ዕረፍት እንኳ ሳይደርስ፣ ኳስ አቀባዩን ማኒ ሊቦክን አወጡትና ሃንድሬ ፖላርድን አስገቡት። የልጁን ፊት አየሁት። በዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሳይጎዳ በግማሽ ሰዓት መውጣት ለተጫዋች ሞት ነው። ዋና አሰልጣኙ ያኔ ዣክ ኒናበር ነው፣ ኢራስመስ ዳይሬክተር፤ ሁለቱ ግን አንድ ራስ ናቸው። ፖላርድ ደግሞ መጀመሪያ ስብስቡ ውስጥ አልነበረም፤ ማልኮም ማርክስ ተጎድቶ በምትኩ የተጠራ ነው።

እንግሊዝ 15 ለ 6 መራች። አለቀ አልን። ከዚያ ተቀያሪዎቹ ግዙፎች ገቡ። ስክረም ላይ ስምንቱ ከስምንቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ሲገፉ የእንግሊዝ መስመር ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ፤ ኦክስ ንቼ የሚባለው ቅያሪ ፊት ለፊቱ ያለውን እየሰበረ ይገፋል። በ69ኛው ደቂቃ ስናይማን ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የጎል መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት) አስቆጠረ፣ ፖላርድ ጨመረበት፣ 15 ለ 13። መጨረሻ ላይ ስክረም፣ ቅጣት ምት፣ ከሜዳው አጋማሽ አካባቢ። ያ መጀመሪያ ያልተጠራው ፖላርድ መታት። 16 ለ 15።

በሳምንቱ ፍጻሜው በእኛ ሰዓት ማታ 4 ሰዓት ላይ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቀኑን ክላሲኮ የታየበት ቅዳሜ። ኒው ዚላንድን 12 ለ 11። አስራ ሁለቱም የፖላርድ ቅጣት ምቶች ናቸው። ሩብ ፍጻሜው ፈረንሳይ ላይ 29 ለ 28 ነበር። ሦስት ተከታታይ ጨዋታ በአንድ በአንድ ነጥብ! ይህን ዕድል የሚለኝ ካለ አልስማማም። አግዳሚ ወንበሩን ለመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች አስቀድሞ ያዘጋጀ ሰው ሥራ ነው።

---

የሄርማታ_ልጅ

አጂፕ፣ ወንበሩን ስላነሳኸው ላብራራው፤ ራግቢ ላልለመደ ሰው ይጠቅማል። በራግቢ 8 ተቀያሪ አለ። የተለመደው 5 ከፊት መስመር ግዙፎች፣ 3 ከኋላ ሯጮች ነው። ኢራስመስ በ2019 6 ለ 2 አደረገው፤ «ቦምብ ስኳድ» የሚባሉት እነሱ ናቸው። በ2023 ፍጻሜ ላይ 7 ለ 1! አንድ ሯጭ ብቻ። ከኋላ ሁለት ሰው ቢጎዳ ቡድኑ ይፈርሳል። ደፍሮ አደረገው።

ሕጉን ግን አንድም ቦታ አልጣሰም። ሕጉ 8 ተቀያሪ ይላል፣ ከየት ይሁኑ ግን አይልም (የፊተኛው ረድፍ ተተኪ እንዲኖር ከማስገደዱ በቀር)። ከፈረንሳይ ጋርም እንዲሁ፤ ዴሚያን ቪለምሰ የራሱ ሜዳ ውስጥ ከአየር ላይ ኳስ ቀልቦ «ማርክ» አለ፤ ነጻ ምት ይሰጠኝ ማለት ነው። ሁሉም ሰው በዚህ ጊዜ ኳሱን አርቆ ይመታል። እሱ ስክረም ጠየቀ! ያኔ ሕጉ ይፈቅድ ነበር (በ2024 ተቀየረ)፣ ማንም ግን አያደርገውም ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ሜዳ ላይ በድንገት አይመጣም፤ የሕጉን መጽሐፍ ቁጭ ብሎ ካነበበ አሰልጣኝ ነው የሚመጣው። ከኛ አሰልጣኞች መካከል የእግር ኳስን ሕግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበበ ስንቱ ነው?

---

ፊዚዮዋ

እኔ የማዝነው ሁልጊዜ ስለ ኢራስመስ ብቻ ሲወራ ነው። አጠገቡ ያለው ዣክ ኒናበር በሙያው ፊዚዮቴራፒስት ነው! እንደ እኔ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሲያሽ የኖረ ሰው። ብሉምፎንቴን ላይ አብረው ሠሩ፣ ወደ አካል ብቃት አሰልጣኝነት ገባ፣ ከዚያ የመከላከል አሰልጣኝ፣ በመጨረሻ የዓለም ሻምፒዮን ቡድን ዋና አሰልጣኝ። ኢራስመስ «አንተ የሕክምና ሰው ነህ፣ ቦታህን እወቅ» አላለውም። ችሎታውን አይቶ መንገድ ከፈተለት። ለእኔ ትልቁ አሰልጣኝነት ይህ ነው።

ሌላው የምመኘው ስለ ጭንቅላት ጉዳት ያላቸው ጥንቃቄ ነው። በከፍተኛ ደረጃ ራግቢ ጭንቅላቱ የተመታ ተጫዋች ለምርመራ ይወጣል፣ ጊዜያዊ ተቀያሪ ይገባለታል፣ ምርመራውን ካላለፈ አይመለስም። እኛ ሜዳ ላይ ምን እንደማይ ልንገራችሁ። ሁለት ልጆች በቴስታ ይጋጫሉ፣ አንዱ ይወድቃል፣ ዓይኑ ይዞራል። ውኃ ይፈስበታል፣ «ተነስ ጀግና» ይባላል፣ ይጫወታል። ማታ ሲያስመልሰው ሆስፒታል ይመጣል። አሰልጣኝ ለመሆን የምታስቡ ሁሉ እባካችሁ ከታክቲክ በፊት ይህን ተማሩ።

---

ጋሽ_ታዛቢ

ልጆች፣ ጥሩ ውይይት ነው። ግን ሚዛን ይኑረን። ይህ ኢራስመስ በ2021 ከብሪታኒያና አይሪሽ ላየንስ ጥምር ቡድን ጋር በነበረው ግጥሚያ ዳኛውን የሚተች የ62 ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጾ ወጥቶበታል። ዓለም አቀፉ ማኅበር ለሁለት ወር ከራግቢ ሥራ ሁሉ፣ ከጨዋታ ቀን ሥራ ደግሞ እስከ 2022 መስከረም መጨረሻ አገደው። በ2022 ኅዳርም በትዊተር በጻፈው እንደገና ለሁለት ጨዋታ ታገደ። ዳኛን በአደባባይ ማዋረድ በየትኛውም አገር ነውር ነው። እኛ ዘንድ ዳኛ ሲሰደብና ሲደበደብ ያየሁ ሰው ነኝና ይህን ዝም ብዬ አላልፈውም።

ተጫዋችና አሰልጣኝ ስላላችሁት የኛንም አትርሱ። ይድነቃቸው ተሰማ ተጫውቷል፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳውን ቡድን አሰልጥኗል፣ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መርቷል። በዚያ ፍጻሜ ጎል ካገቡት አንዱ መንግሥቱ ወርቁ ነው፤ እሱም ኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥኗል። መንገዱ አዲስ አይደለም።

---

የሄርማታ_ልጅ

ጋሼ፣ እውነት ብለዋል። በዚያ ቪዲዮ ልከላከልለት አልችልም። ከአሰልጣኝነቱ የምወስደው አለ፣ የማልወስደው አለ፤ ይህ ከማልወስደው ነው።

---

ናይሮቢ_ተመላሽ

ናይሮቢ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ጎረቤታችንን ላንሳ። ቤንጃሚን አዪምባ። ለኬንያ የተጫወተ፣ አምበልም የነበረ፣ ከዚያ የሰባት ሰው ራግቢ ቡድናቸውን ያሰለጠነ። በ2009 ዱባይ ላይ የሰባቶቹን የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ አደረሳቸው። በ2016 ሚያዝያ ሲንጋፖር ላይ ፍጻሜውን ከፊጂ ጋር ተጫወቱ። ፊጂ ማለት በሰባቶቹ ራግቢ ብራዚል ናት። 30 ለ 7 አሸነፉ! ኬንያ በዓለም ተከታታይ ውድድር ያገኘችው የመጀመሪያው ዋንጫ ነው። ያን ቀን ናይሮቢ መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው አቅፎኛል።

አዪምባ በ2021 ግንቦት በወባ ታሞ አረፈ። አዎ፣ በወባ። እኛ ጅማ ሰዎች ወባ ምን እንደሆነ አይነገረንም። ነፍሱን ይማር።

ኢራስመስ የትልቅ አገር ገንዘብና ሊግ ነበረው። አዪምባ ያን አላገኘም። ለእኛ የሚቀርበው እሱ ነው እላለሁ።

---

ቁጥር_6

ሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ አማካይ ነኝ፣ ጅማ ውስጥ ነው የምጫወተው። ጉልበቴ ከተጎዳ ወዲህ እንደ ድሮው አይደለም። አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ባደገ በዓመቱ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ እኔ ታዳጊ ነበርኩ፤ የከተማው ሰው ሁሉ ሲወጣ አብሬ ወጥቻለሁ። ያኔ ተጫዋቾቹን ነበር የማየው። አሁን ሳስበው አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ በቀጣዩ ዓመት መቀሌ ሄዶ ደግሞ ሻምፒዮን ሆነ። በሁለት ከተማ፣ በሁለት ዓመት።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አሁን ከየት ልጀምር? የካፍ ላይሰንስ ሥልጠና እስኪመጣ ልጠብቅ ወይስ?

---

መምህር_ስፖርት

ወንድሜ፣ ላይሰንሱን ተመዝገብ፣ ዕድሉ ሲመጣ አትለፈው። እስከዚያ ግን አትቀመጥ። የሚቀጥለውን የክለባችሁን ጨዋታ አግዳሚ ላይ ሆነህ ስታይ ኳሷን አትከተል። አንድ ሰው ምረጥ፣ ለምሳሌ የናንተን የግራ ተከላካይ። ኳስ በሌለው ጊዜ የት ይቆማል? የመስመር አጥቂው ወደ ውስጥ ሲገባ ይከተለዋል ወይስ ቦታውን ይጠብቃል? ጻፈው። ዕረፍት ላይ አሰልጣኙ የተናገረውን ከጻፍከው ጋር አስተያየው። አሰልጣኙ ያየውን ካላየህ ለምን እንዳላየህ ጠይቀው፤ ቅር የሚለው አሰልጣኝ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሁለተኛ፣ ታዳጊዎችን ያዝ። አስራ ሁለት ዓመት ልጅን አንድ ነገር ማስረዳት ከቻልክ ትልቁን ማስረዳት አያቅትህም። እኔ ትምህርት ቤት ያለ መጣጣል የሚጫወቱትን ራግቢ ሞክሬያለሁ። ሁለት ጨርቅ ቁምጣው ጎንና ጎን ይሸጎጣል፣ ተከላካዩ ጨርቁን ከነጠቀ ኳስ የያዘው ማቀበል አለበት። ኳስ በእጅ ነው፣ ወደፊት ማቀበል ክልክል ነው። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ሁሉ ወደፊት ወርውረው አበላሹት። እኔም ጮህኩ፣ ጩኸቱ አልረዳም። በኋላ አንዷን ልጅ «ኳስ የያዘው ሲሮጥ አንቺ ጀርባውን እያየሽ ሩጪ» አልኳት። ከኋላው መጣች፣ ተቀበለች፣ ገባች። ሌሎቹ እሷን አይተው ገባቸው። ለእግር ኳስም ጠቅሟቸዋል፤ ኳስ የያዘን ሰው ከኋላ መደገፍ የሚባለው ነገር ያኔ ነው የገባቸው።

---

ቁጥር_6

አመሰግናለሁ መምህር። ልጆቹን የምታሠለጥኑት መቼ ነው? መጥቼ ማየት እችላለሁ?

---

ፊዚዮዋ

ቁጥር 6፣ ከመሄድህ በፊት ያ ጉልበት በደንብ ታይቷል ወይ? እብጠት አለው? ደረጃ ስትወርድ ይከዳሃል? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ለማሳየት እያልክ ከልጆቹ ጋር ስትሮጥ ይበልጥ እንዳትጎዳው።

---

መምህር_ስፖርት

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነን፣ ዝናብ ካልጣለ። ሜዳው ከዘነበ ጭቃው አያስገባም፣ ያኔ አዳራሽ ውስጥ እንሆናለን። ና፣ ደስ ይለኛል። ያረጀ ቲሸርት ካለህ ይዘህ ና፣ ጨርቁ አልቆብናል። ሌሎቻችሁም ብትመጡ በሩ ክፍት ነው፤ ጋሼ፣ እርስዎም ቢመጡልን ለልጆቹ ትልቅ ነገር ነው።

---

ጋሽ_ታዛቢ

እመጣለሁ። ፊሽካ አለኝ፣ ዳኝነቱን ለእኔ ተዉት።